አገር ስጠኝ

ገበዝ ማርያም፣ ጥቅምት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። እሸት በቆሎው ከምድጃው ዳር እየተጠበሰ ነው፤ ቡናው ገና አልተቀዳም። የኔታ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምረው ዐርፈው የተቀመጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ያስተምራል። እትዬ፣ የየኔታ ባለቤት፣ ረከቦቱ ጋ ተቀምጠዋል። መምህሩ ከቦርሳው አንድ ደብተርና አንዲት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ አውጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ።

የኔታ፦ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ጠጠር እንዳልላት ቁጥር ተጽፎባታል።

መምህሩ፦ ዳይስ ናት የኔታ። እንደ ሉዶው ናት፤ ፊቷ ብቻ ሃያ ነው።

የኔታ፦ ቁማር ጀመርህ?

መምህሩ፦ ኧረ ገንዘብ የለበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስት ተማሪዎች ጋር የምጫወተው ጨዋታ ነው። አንዱ ነጋዴ ይሆናል፣ አንዷ የባልቴት ልጅ ትሆናለች፣ አንዱ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ነኝ ይላል። እኔ ያሉበትን አገር እተርክላቸዋለሁ፤ እነሱ እዚያ አገር ውስጥ የሚያደርጉትን ይነግሩኛል። የሚሞክሩት ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይሷ ትጣላለች።

እትዬ፦ ዕቃቃ ነዋ!

መምህሩ፦ ዕቃቃ ነው እትዬ፤ ሕግ የወጣለት ዕቃቃ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ብለው መጀመሪያ ያሳተሙት በ1966 ዓ.ም. ነው።

የኔታ፦ በስድሳ ስድስት? እዚህ አብዮት ሲፈነዳ እነሱ ዕቃቃ ያሳትሙ ነበር በለኛ።

መምህሩ፦ የመጣሁት ግን ስለ ታሪኩ አይደለም። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተረክሁላቸው፤ ወንዙን፣ ጫካውን፣ ዋሻውን፣ ዋሻው ውስጥ የሚያበራውን ዐይን። ሲያልቅ «እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» አልሁ። ዝም። አንዱ ስልኩን አወጣ። አንዷ ደግሞ አየችኝና «ምን እንድናደርግ ነው የፈለጉት ቲቸር?» አለችኝ።

የኔታ፦ ልጅቷ ምን አጠፋች? ፈተና መሰላታ። መምህር ሲጠይቅ መልሱን በኪሱ ይዞ እንደሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ታውቃለች። አንተ «ምን ታደርጋላችሁ» ስትል እሷ የሰማችው «የትኛው ነው ትክክሉ» የሚል ነው።

መምህሩ፦ እንቆቅልሽ እኮ አልጠየቅኋቸውም።

እትዬ፦ እንቆቅልሽስ ቢሆን ምን ነበረበት? እንቆቅልሽ ቢያንስ አገር ያሰጣል።

መምህሩ፦ እንዴት?

እትዬ፦ ፍኖተ ሰላም ሄዶ ይኼንንም ረሳው! «እንቆቅልህ» ስልህ «ምን አውቅልሽ» ትለኛለህ። መልሱ ከጠፋህ «አገር ስጠኝ» እልሃለሁ። ቡሬን ትሰጠኛለህ እንበል። እኔም ቡሬ እገባና በርበሬውን አስለቅሜ፣ ማሩን አስቆርጬ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጬ፣ አንተን ደጅ አስጠናሃለሁ። እዚያ ላይ ያልሁትን ያህል ብዬ ነው መልሱን የምነግርህ። ልጆቼ ታዲያ መልሱን እያወቁት «አናውቅም» ይሉኝ ነበር።

መምህሩ፦ ለምን?

እትዬ፦ ቡሬ ገብቼ የምለውን ለመስማት ነዋ። መልሱንማ አምና ሰምተውታል።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ይኼን ልጻፈው። የኔ ጥያቄ እኮ አገር አልሰጠም። ባዶ እጃቸውን ነው ያቆምኋቸው።

የኔታ፦ ባዶ ብቻ ሳይሆን በጣም ሰፊም ነው። ቅኔ ቤት ለገባ ጀማሪ መወድስ ተቀኝ አይባልም። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ እንዳቆምኸው ሰው ፈዝዞ ይቀራል። በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምር፤ ሁለት ቤት። ሁለት ቤት ጠባብ ናት፤ ጠባብ ስለሆነች ይደፍራታል። ያንተ «ምን ታደርጋላችሁ» ለጀማሪ የተሰጠ መወድስ ነው።

መምህሩ፦ በሁለተኛው ሳምንት ሳላውቀው ጉባኤ ቃና ሰጠሁ ማለት ነው። ነጋዴውን ልጅ «ቡሬ ገበያ የወሰድኸውን በርበሬ ሳትሸጥ ለምን ተመለስህ?» አልሁት። ቀና አለ። «ሚዛኑን አላመንሁትም» አለኝ። «ሚዛኑ የማን ነበር?» «የእህቴ ባል።» ይኸው ነው የኔታ! በሁለት ጥያቄ ገበያ፣ ዘመድና ጠብ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ አማቹ ስንጫወት ዋልን። ዋሻው ተረሳ።

እትዬ፦ ዐይኑ የሚያበራው አውሬስ?

መምህሩ፦ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ሦስት ማታ ደክሜበት ነበር።

የኔታ፦ ጥያቄህን አየኸው? በርበሬ እንዳለው ነገርኸው፣ ቡሬ ሰደድኸው፣ ሳይሸጥም መለስኸው። ይህን ሁሉ አንተ ሠርተህ «ለምን»ን ብቻ ለሱ ተውህለት። እኔም ለተማሪ የምሰጠው ቤቱን ነው፤ ልኩን፣ ዜማውን፣ የበዓሉን ቀን። ሰሙም ወርቁም የሱ ነው። አንዳንዴማ ወርቁን እሱም አያውቀውም። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ቅኔውን ሲነግረኝ ውስጡ እሱ ያላየው ምሥጢር አለ። «ይቺን አስበህ ነው?» አልሁት። «አዎን» አለኝ። ውሸቱን ነው።

መምህሩ፦ አጋለጡት?

የኔታ፦ ለምን አጋልጠዋለሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ እያሰበ መቀኘት ጀመረ።

መምህሩ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ውጭ አገር ሰዎች አሁን ዋና መሣሪያ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ቤከርና ሜጌ ቤከር «አፖካሊፕስ ወርልድ» የሚል ጨዋታ አወጡ። እዚያ አጫዋቹ ታሪኩን አስቀድሞ ጨርሶ እንዳይመጣ፣ እየጠየቀ በመልሱ ላይ እንዲገነባ ነው የተጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አሌክስ ሮበርትስ የምትባል ደራሲ «ፎር ዘ ክዊን» የሚባል አወጣች፤ ዳይስም አጫዋችም የለውም። ጥያቄ የተጻፈባቸው ካርዶች ብቻ ናቸው። ንግሥቲቱን አጅበህ መንገድ ወጥተሃል፤ ካርድ ባነሣህ ቁጥር ስለ እሷና ስለ ራስህ ትጠየቃለህ። የመጨረሻው ካርድ ላይ ንግሥቲቱ ስትጠቃ ትከላከልላት እንደሆነ ይጠይቅሃል።

የኔታ፦ ያቺ ጥያቄ መጀመሪያ ብትመጣ ሁሉም «እንዴታ! እከላከላለሁ» ይላል።

መምህሩ፦ ይላል። መጨረሻ ላይ ስትመጣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቂም ሲናገር ስለቆየ አፉ ይያዛል።

እትዬ፦ ቂሙን ራሱ ነዋ የሠራው። በራሱ ምላስ ታሰረ።

መምህሩ፦ ልጆቹ እኔን ምን እንደሚሉኝ ታውቃላችሁ? «ገበዝ።» ከዚህ መሆኔን ሰምተው ሲቀልዱ ነው የጀመሩት፤ አሁን ግን ስሜ ሆኗል። የአገሩ ቁልፍ ያንተ ነው ለማለት።

የኔታ፦ ቀልዳቸው ቁም ነገር አላት። ገበዝ ቁልፍ ይይዛል፣ ንብረት ይጠብቃል። ንብረቱ ግን የሱ አይደለም። ምእመኑ የሰጠውን ነው የሚጠብቅ፤ አንዲት ጧፍ ብትጎድል ይጠየቃል።

መምህሩ፦ እኔ አንድ ቀን አጉድያለሁ። ልንገርዎት አልንገርዎት እያልሁ ነበር።

እትዬ፦ ተናገር፤ ቡናው ደርሷል።

መምህሩ፦ ያ ወታደር የሆነው ልጅ ከእምባቦ ነው የተመለሰው። የ1874 ዓ.ም. ጦርነት፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው የተማረኩበት። «ንጉሡ ሲማረኩ አንተ የት ነበርህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አጠገባቸው ነበርሁ፤ ጋሻዬን ግን አውሼ ነበር» አለኝ። ደስ አለኝና ወደ ባልቴቷ ልጅ ዞሬ «ጋሻውን የተዋሰው አባትሽ ነው። ለምን ሳይመልስ ሸሸ?» አልኋት። «አባቴ አልሸሸም» አለችኝ። «በዚህ ታሪክ ውስጥ ሸሽቷል» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅዳሜ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

የኔታ፦ ለነጋዴው በርበሬ ሰጠኸው። እሷን ግን አባቷን ቀማሃት።

መምህሩ፦ የጥያቄው አሠራር እኮ አንድ ዓይነት ነው። እዚያም «ተመለስህ» ብዬ ነው የጀመርሁት፣ እዚህም «ሸሸ» ብዬ።

የኔታ፦ አሠራሩ አንድ ሊሆን ይችላል። በርበሬው ግን አንተ ያመጣኸው ነው፤ አባትየው የሷ ነበር። ሙቶም ቢሆን ቀድማ በልቧ ሠርታዋለች። ደግሞስ፣ «አልሸሸም» ስትልህ መልስ ሰጠችህ አይደል? ጠይቀህ መልስ ካገኘህ በኋላ መልሱን ከለከልህ። ዱሮ በዳኛ ፊት «ተጠየቅ» እየተባለ ሲሟገቱ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር። በልሃ ልበልሃ ሲባል ጠያቂውም በመልሱ ሊረታ ይችላል፤ ሲረታ ማሩን ይከፍላል። አንተ ልጅቷ እንድትረታ እንጂ አንተ እንድትረታ አላሰብህም።

መምህሩ፦ ማር ልክፈላት?

እትዬ፦ ትከፍላለህ እንጂ! የአባቷን ስም መልስላት። «ጋሻውን የተዋሰው ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ማን ነው?» ብለህ አፏን ክፈትላት። ሌላ ሰው ትሰጥሃለች።

መምህሩ፦ እንደዚያ ማለት ነበረብኝ። ... አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያላገኘሁት። እነሱ ሁሉንም «ዩ» ነው የሚሉት። እኔ ግን አፌን ስከፍት ወይ «አንተ» ወይ «አንቺ» ወይ «አንቱ» ማለቴ ነው። ፊታውራሪ የሆነውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «አንቱ የትኛውን መሬት ነው ለሙግት ያቀረቡት?» ስለው ወገቡን አቃና። አንቱ ያልሁት ያ ብቻ ነው፤ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ።

የኔታ፦ ገና መሬቱ ሳይነገር ማዕረግ ሰጥተኸዋላ።

መምህሩ፦ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምጠይቃት ጥያቄ አለችኝ፦ «በዚህ መንደር አንተ እያልኸው እሱ ግን አንቱ የሚልህ ሰው ማን ነው?» ከዚህች የመጣውን መልስ ብዛት አይጠይቁኝ። አንዱ «የገዛ ታላቅ ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ ሌላው ልጅ ራሱ «ለምን?» ብሎ ጠየቀው። እኔ አልነበርሁበትም። የጠየቀው ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ያወጣው ነው።

እትዬ፦ ጠያቂ ሲሆን ስልኩን ረሳዋ።

የኔታ፦ ካርድ ነው የሚሉት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ካርታ ማለት ነው?

መምህሩ፦ በካርታ የሚጫወቱትም አለ። ኮንከር የምንጫወትበት ያው ካርታ። ኤቨሪ አልደር የሠራችው «ዘ ኳየት ዪር» ይባላል። ሃምሳ ሁለቱ ካርታ የአንድ ዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው፤ አራቱ የካርታ ዓይነቶች አራት ወቅት። በየሳምንቱ አንድ ካርታ ይነሣና ስለ መንደሩ ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱን ወረቀት ላይ ትሥለዋለህ። ሲጨርሱ መንደሩ ከነጠቡ ተሥሎ ቁጭ ይላል። የነሱ በጸደይ ጀምሮ በክረምት፣ በበረዶው ማለት ነው፣ ያልታወቁ እንግዶች ሲመጡ ያበቃል። እኔ ከመስከረም ጀምሬ ነሐሴ ላይ አቆምሁት።

እትዬ፦ በነሐሴ የሚመጣ እንግዳማ እህል ሊበደር ነው። ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር!

መምህሩ፦ ልጆቹም ያሉት ይህንኑ ነው! «እንግዶቹ እነማን ናቸው?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ «ነሐሴ ላይ እንግዳ መጥቷል፤ ማን ቤት ነው እህል እያለ የለም የተባለው?» አልሁ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጎተራ ሥለው በቀይ አሰመሩበት።

የኔታ፦ ይቺ ደኅና ናት። ... በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያነብ ታስታውሺያለሽ?

እትዬ፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ይኼ ልጅ ገና አልተወለደም ነበር። የማንኩሳው በዛብህ ሲባል ሰዉ ሁሉ ዘመዱ የሞተ ይመስል ነበር፤ ማንኩሳ እኮ ወደ ቡሬ ስትሄድ አለች።

የኔታ፦ ያ ሁሉ መከራ ከአንዲት ስለት ነው የሚጀምር። ወላጆቹ ተሳሉበት። እሱ አልተጠየቀም።

መምህሩ፦ እዚያ ላይ ነው እኔም የደረስሁት። ክፍል ውስጥ «የበዛብህ ጠባይ ምን ይመስላል?» ቢባል አራት ልጅ ከማስታወሻው ያነባል። ቅዳሜ ማታ ግን ለአምስቱም «ሕፃን ሳለህ ወላጆችህ ምን ተሳሉብህ? ማን ነው የነገረህ?» አልኋቸው። አንዷ ፀጉሯ እንዳይቆረጥ ተስለውባታል። ነጋዴው ወንዝ እንዳይሻገር፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ወንዝ አሻግሬዋለሁ! አንዱ ግን፣ ዝም የሚለው ልጅ፣ «አባቴ በደኅና ከተመለሰ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ስለ ጨዋታው እየተናገረ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን።

እትዬ፦ እሰይ ዝም ያላችሁት። ... ዝም አላችሁ አይደል?

መምህሩ፦ ዝም አልን። ከዚያ አንዷ ሻይ ልትቀዳ ተነሣች። ውጭ አገር ለእንዲህ ያለው ነገር ምልክት የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ፤ ሰው ሲነካው ጥያቄው ይታለፋል፣ ለምን አይባልም። እኛ ሲኒ ነው ያደረግነው። ሲኒህን ከደፋህ ተሻግረንህ እንሄዳለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደፍቷል። አንዴ እኔው ነኝ የደፋሁት።

የኔታ፦ ምን ጠየቁህ?

መምህሩ፦ ሲኒዬን ደፋሁ አልሁዎት እኮ።

የኔታ፦ (ሳቁ) ይሁን። ታዲያ የመጣህበት ምንድን ነው? እስካሁን የነገርኸኝ ሁሉ ቀንቶሃል።

መምህሩ፦ ለመጪው ቅዳሜ አውጫጭኝ ላጫውታቸው ፈልጌ ነው። ብር ወንዝ ዳር በሬ ጠፍቷል፤ አገሬው ተሰብስቧል። አሠራሩን በደንብ አላውቀውም።

የኔታ፦ አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ቢቆም፣ ከብቱ ቢጠማ፣ ቁጭ ነው። ያየ ሰው በአደባባይ «እገሌ ነው» ማለት ይፈራል፣ ጎረቤቱ ነዋ። ስለዚህ በስውር ይናገራል፤ ያ ተናጋሪ «ወፍ» ይባላል። ወፍ ነገረችን ይባላል እንጂ ማን እንደነገረ አይወጣም።

መምህሩ፦ ጥያቄዬ እንግዲህ «ሌባው ማን ነው?» ነው።

የኔታ፦ እንቆቅልሽ። መልሷ አንድ ናት፣ በኪስህ አለች።

መምህሩ፦ «ማንን ትጠረጥራለህ?»

የኔታ፦ ሰፊ ነው። ደግሞ ሁሉም በሌላው ላይ ጣት ይቀስርና ያልቅልሃል። እስቲ እንዲህ በላቸው፦ «ከተሰበሰበው ሰው መካከል የበሬውን ዱካ ያየኸው አንተ... አንተ ነህና... ምን...»

እትዬ፦ አንቱ ደግሞ ሲያስረዝሙት! ልጠይቅ እኔ?

የኔታ፦ ጠይቂ እስቲ።

እትዬ፦ (ጀበናውን አስቀምጠው፣ ወደ ባላቸው ዞረው) የጎረቤትህን በሬ ማን እንደነዳው እያወቅህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ አንተ ለምንድን ነው ዝም ያልኸው?

የኔታ፦ አንተ?

እትዬ፦ ገበሬ ነህ። ዲያቆንም አይደለህ። ለምን ዝም አልህ?

የኔታ፦ ... አርባ ዓመት አንቱ ስትለኝ ኖራ!

መምህሩ፦ ሲኒዎን መድፋት ይችላሉ የኔታ።

የኔታ፦ አልደፋም። (ዝም አሉ። በቆሎው እያረረ ነው፤ ማንም አላዞረውም።) በሬው... በሬው ፊት የእኔ ነበር።

እትዬ፦ ሸጥኸው?

የኔታ፦ አልሸጥሁትም። ለልጄ ሰርግ ከጎረቤቴ ገንዘብ ተበድሬ፣ መያዣ ብዬ ሰጠሁት። ብሩን መለስሁ። በሬውን ግን አልመለሰልኝም፤ «ክረምቱን ልረስበት» አለኝ። ክረምቱ ዐልፎ ሌላ ክረምት ሆነ። አንተ ምን ታየኛለህ፣ ጻፍ እንጂ!

መምህሩ፦ እየጻፍሁ ነው።

እትዬ፦ ሌሊት በሬውን የነዳው ታዲያ ልጅህ ነው።

የኔታ፦ አይደለም። ልጄን ተይልኝ።

እትዬ፦ እሺ፣ ተውሁልህ። ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በሰርጉ ቀን ሳይጠራ የቀረው ማን ነበር?

የኔታ፦ ... ቡናውን ቅጂና ላስብበት። ያቺን ጠጠርም ወዲያ አንሣት፤ ዐይኔ ውስጥ ገብታለች።